ላም አለኝ በሰማይ

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለው ተረት ስለ ቨርቹዋል ሪያሊቲ፣ ዓይን ላይ በሚጠለቅ መነጽር በኮምፒውተር የተሠራ ዓለም ስለሚያሳየው ቴክኖሎጂ፣ የተነገረ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካና እንግሊዝ ውስጥ ላሚቱን ያየ ጥቂት ቢሆንም ያላወራላት አልነበረም። መነጽሩን ያጠለቀ ሰው ሌላ ዓለም ይገባል ተባለ፤ እዚያው ይሠራል፣ ይማራል፣ ያፈቅራል፣ የቤት ኪራይም አይከፍልም። (የመጨረሻው የእኔ ጭማሪ ነው።)

ወሬው የተረፈው ለምስኪኑ የቪዲዮ ጌም ነው። እስከዚያ ድረስ የወላጅ ክስ ቀላል ነበር፤ ልጁ አያጠናም፣ ዓይኑም ይደክማል። አሁን ግን «ልጄ ሰነፈ» የሚለው ስሞታ «ልጄ ሊወሰድብኝ ነው» ወደሚል አደገ፤ ወንዝ ዳር ተኝቶ እንደተለከፈ ሰው። በዲሴምበር 1993 የአሜሪካ ሴናተሮች የጌም ኩባንያዎችን ጠርተው ሲያፋጥጡ፣ የተከሰሱት እንደ ሞርታል ኮምባት ያሉ በተራ ቴሌቪዥን የሚታዩ ጨዋታዎች ነበሩ። ፍርሃቱ ግን ገና ላልተወለደው ጥጃ ጭምር ይመስለኛል።

ላሚቱ ስትመጣስ? ቨርቹዋሊቲ የተባለው የእንግሊዝ ማሽን በ1991 መጫወቻ አዳራሽ ገባ። ሰውየው ከፍሎ፣ እንደ ድስት የከበደ ቁር ደፍቶ ክብ አጥር ውስጥ ይቆማል። ሌላው ዓለም የተባለው ባለ ቀለም ሰሌዳ የመሰለ መድረክና ከላይ መጥቶ በጥፍሩ የሚያነሣው አውሬ ነበር። ጥቂት ደቂቃ፣ ከዚያ ተረኛ ይገባል።

የጃፓኑ ጌም ኩባንያ ኒንቴንዶ በ1995 ያወጣው ቨርቹዋል ቦይ የተባለ የጌም መነጽር ባሰ። «ቦይ» ልጅ ማለት ቢሆንም ጠባዩ የሽማግሌ ነው፤ ጠረጴዛ ላይ በሁለት እግሩ ይገተራል፣ እርስዎ አንገትዎን ሰብረው ወደ ውስጡ ያያሉ። ወደ 180 ዶላር ከፍለው የሚያዩት ቀይና ጥቁር ብቻ ነው፣ እንደ ፍም። ምድጃ ስታራግብ የኖረች እናት ይህን በነጻ ስታየው ኖራለች። ከሰባት ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሆንም የሚል ማስጠንቀቂያም ነበረው፤ እኛ ቤት ለጠላ እንኳ ይህን ያህል አልተጠነቀቁም። አንድ ዓመት ሳይሞላው ከገበያ ወጣ።

የሚያናድደኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። የሰማይዋ ላም ስትወድቅ ሣር ስትግጥ በነበረችው ደህና ላም ላይ ወደቀች። በ1996 የኒንቴንዶው የጌም ጀግና ማሪዮ በተራ ቴሌቪዥን ውስጥ ሰፊ ዓለም ይዞ ሲዘል፣ ትናንት «ልጆቻችንን ሊውጥ ነው» ያለው አፍ «ጌም ያው የልጅ ነገር ነው» ይል ነበር።

ሌላው የጃፓን ጌም ኩባንያ ሴጋ ብልጥ ነው። የራሱን የቨርቹዋል ሪያሊቲ መነጽር በ1993 ለሕዝብ አሳይቶ ሳይሸጠው ቀረ፤ ምክንያቱም ከእውነት ከመመሳሰሉ የተነሣ ሰዎች ሲንቀሳቀሱ ራሳቸውን እንዳይጎዱ ነው አለ። የሞከሩት ግን የሚያወሩት ስለ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ነበር። በዚህ ማመካኛ ለዓመታት ስስቅ ኖርሁ።

ባለፈው ፋሲካ የእህቴ ልጅ ከውጭ የመጣለትን መነጽር አጥልቆ ሳሎን ውስጥ ሰይፍ ሲያወዛውዝ ረከቦቱን ከነስኒዎቹ ገለበጠው። እህቴ ስብርባሪውን እየለቀመች፣ «አንተ! የት ነው ያለኸው?» አለችው።

«እዚሁ ነኝ፣ እማዬ» አለ፣ ፊቱን ወደ ቁም ሣጥኑ አዙሮ።