ሌላ ሰው አለ

ዛሬ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ የመጀመሪያውን ስኒ ቡና አፌ ላይ እንዳደረግሁ ስልኬ ጮኸ። ደላላው ነው። እንዴት አደርክ የለ፣ ቤተሰብ ደህና ነው የለ።

«ፋዘር! ቆጪ ጋ አሪፍ ቤት ተገኝታለች። ባለ ሁለት ክፍል፣ ቆጣሪ ለብቻ፣ ከአስፋልት ሁለት ደቂቃ። ግን ቶሎ ድረስ። ሌላ ሰው አለ።»

ቡናው ትን አለኝ።

ጅማ ከተማ ውስጥ ቤት መፈለግ ከጀመርኩ ሦስት ወር ሞላኝ። አሥራ አንድ ቤት አይቻለሁ። አሥራ አንዱም ላይ ሌላ ሰው ነበር። መርካቶ ሄድኩ፣ ሌላ ሰው አለ። አጂፕ ሄድኩ፣ ሌላ ሰው አለ። ጊንጆ ጉዱሩ አንድ ክፍል ቤት አየሁ። ጣሪያው ያፈሳል፣ በሩ አይዘጋም፣ ሽንት ቤቱ ለስድስት አባወራ ነው። እሱንም የሚፈልግ ሌላ ሰው አለ። ይሄ ሰውዬ ማነው? ሥራ የለውም? እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ማስላት ልማዴ ነው። ከቦሳ ኪቶ እስከ ጊንጆ በባጃጅ እየተሯሯጠ እኔ የማየውን ቤት ሁሉ ቀድሞኝ ሊያይ የሚችል ሰው ወይ ሚሊየነር ነው ወይ ጂኒ ነው። ሚሊየነር ከሆነ ደግሞ ለስድስት አባወራ ሽንት ቤት ምን አሰለፈው?

ቆይቼ በልቤ መልክ ሰጠሁት። ቀጭን ነው። ጃኬት ይለብሳል። የስድስት ወር ቅድሚያ ክፍያ በኪሱ ይዞ ይዞራል። ልጅ የለውም። ልብስ አያጥብም። እንግዳ አይመጣበትም። አከራዮች ሲያዩት እንባቸው ይመጣል።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ በአካል አገኘሁት። ሴት ናት። ፈረንጅ አራዳ አንድ ግቢ በር ላይ ጃንጥላ ይዛ ቆማለች፤ እኔም ጃንጥላ ይዣለሁ። ደላላው ሁለታችንንም በአንድ ሰዓት ቀጥሮ እሱ ገና «እየደረስኩ ነው» ላይ ነው። አየችኝ፣ አየኋት።

«ይቅርታ፣ ሌላው ሰው እርስዎ ነዎት?» አለችኝ።

«እርስዎስ?» አልኳት።

ሳቅን። ነርስ ናት። ሲጫወትብን ኖሯል ተባባልን። ስልክ ተለዋወጥን። ከዛሬ ጀምሮ ማንም «ሌላ ሰው አለ» ቢለን ተደዋውለን እናጣራለን ብለን ማኅበር ልናቋቁም ትንሽ ነበር የቀረን። ከዚያ ደላላው መጥቶ በሩን ከፈተው። ቤቱ ጥሩ ነበር። እውነቱን ለመናገር በጣም ጥሩ ነበር። ቀብድ ለመስጠት ስንጋፋ በጃንጥላዋ ጫፍ ዓይኔን ለጥቂት ሳተችኝ። ቤቱን ወሰደችው። እስከ ዛሬ አልደወለችም።

«ደላላ» የሚለው ቃል ከዐረብኛ የመጣ ነው። እዚያ ሥሩ መንገድ መጠቆም፣ ማሳየት ነው። አማርኛ ደግሞ «ደለለ» የሚል ግስ አለው፤ አባበለ፣ አታለለ ማለት ነው። ሁለቱ ቃላት አንድ ቀን ተገናኙ። እነሱን ያገናኘው ሰውዬ ከሁለቱም ወገን ኮሚሽን ሳይቀበል አልቀረም።

ደላላ ለጅማ እንግዳ አይደለም ብዬ እገምታለሁ። እዚህ አገር ከተማ ሳይኖር በፊት ሂርማታ የሚባል ገበያ ነበር። ቡናው፣ ዝባዱ፣ የዝሆን ጥርሱ ከየአቅጣጫው የሚጎርፍበት። ያ ሁሉ ዕቃ ያለ አገናኝ እጅ ለእጅ ተላለፈ ማለት ይከብዳል። ንጉሡ አባ ጅፋር ግን ከግርግሩ ወጣ ብለው ጅሬን ኮረብታ ላይ ነበር የሚኖሩት። ቤተ መንግሥታቸው አሁንም አለ። በቅርቡ ልጆቼን ይዤ ሄጄ ነበር። አስጎብኚው ስለ እንጨት ሥራው፣ ስለ ሰገነቱ ያስረዳል። እኔ ኮርኒሱ ላይ የውሃ ምልክት እየፈለግሁ ነው። ሰውየው ከ50 ዓመት በላይ ነግሠዋል። በዚያ ሁሉ ዘመን ግን «ቤቱን ለራሴ ፈልጌዋለሁ፣ በወር ውስጥ ውጣልኝ» ያላቸው አከራይ የለም። ከንግሥናቸው ይልቅ የቀናሁት በዚህ ነው።

የምወደው ተረት አለ። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ።» አያቴ ለሁሉም ነገር ትለው ነበር፤ ለጎረቤት ፍየልም፣ ለመንግሥትም። አሁን እኔ በቀን ሦስት አጥር እነቀንቃለሁ። ማንንም ንቄ አይደለም። ደወል የላቸውማ! በሩ በስንት መከራ ገርበብ ይላል። አንድ ዓይን ይወጣል። ከዚያ ቃለ መጠይቁ ይጀመራል።

«ባለትዳር ነህ?»

«ነኝ፣ እትዬ።»

«ልጅስ?»

«ሁለት። ትንንሽ ናቸው።»

«እሱ ነዋ ችግሩ።»

«ያድጋሉ።»

«ካደጉማ ይብሳል። እንግዳ ታበዛለህ?»

«ኧረ ዘመድም የለኝ» አልኳት። ቦንጋ ያለች እናቴን ካድኳት። በዚያ ሳምንት ብቻ እናቴን ሦስት ጊዜ ክጃታለሁ። ዶሮ ያልጮኸው ግቢ ውስጥ ዶሮ ማርባት ስለማይቻል ነው።

«ልብስ በሳምንት ስንቴ ነው የምታጥቡት?»

ይሄን ጥያቄ ቆም ብላችሁ አስቡት። እኔና ሚስቴ ለጋብቻ ስንጠያየቅ እንኳን እዚህ ድረስ አልደረስንም።

ቂም የምይዝ ሰው አይደለሁም። አንዱን ግን ይዣለሁ። ከስምንት ዓመት በፊት አንድ አከራይ ነበረኝ። ማታ ሦስት ሰዓት ሲሆን መብራታችንን ከቆጣሪው ያጠፋዋል። ጠዋት ስወጣ በር ላይ ይጠብቀኛል። ሰላም ሊለኝ ትከሻዬን ያቅፋል። የሚያቅፈኝ ወዶኝ ይመስለኝ ነበር። ለካ ሸሚዜ ሞቆ እንደሆነ እያየ ነው። ካውያ ተከልክሏል። የቆጣሪው ቁጥር ካላሳመነው መዳፉን ያምናል። ሁለት ዓመት ሙሉ የተጨማደደ ሸሚዝ ለብሼ ሒሳብ ሠራሁ። የመሥሪያ ቤት ሰው ሁሉ ሚስቴ ጥላኝ የሄደች ነበር የሚመስለው።

አባቱ ሁለት ቤት ነበራቸው። ሐምሌ 1967 ላይ በአዋጅ 47 «ትርፍ ቤት» ተብሎ አንዱ ተወረሰ። ይሄን በወር አንዴ፣ ኪራይ ስከፍል ይነግረኛል። አዘንኩለት። ከልቤ። ግን እኔ በ1967 አልተወለድኩም። ደርግ የወሰደበትን ከእኔ በካውያ ሒሳብ ለማስመለስ የቆረጠው ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አይገባኝም። ስወጣ ደግሞ ማስያዣዬን በሚስማር ቀዳዳ አስቀረው። ግድግዳው ላይ ስምንት ቀዳዳ ቆጠረ። አራቱ የራሱ ነበሩ። የአባቱ ፎቶ የተሰቀለባቸው!

ያስወጣኝ «ልጄ ከዐረብ አገር ልትመጣ ነው» ብሎ ነው። ልጅቷ በሳምንቱ መጣች። ጢም አላት። ሲኖትራክ ትነዳለች። ከእኔ አንድ ሺህ አምስት መቶ ብር ጨምራ ትከፍላለች።

የምን ነገር ላይ ነበርኩ? ደላላ።

ቤት የጠፋው በደላላ ብቻ ነው አልልም። የግብርና ኮሌጁና የጤና ኢንስቲትዩቱ ተዋህደው በ1992 ዩኒቨርሲቲ ከሆኑ ወዲህ ከተማው በየመስከረሙ በሰው ይሞላል። መምህሩ ይመጣል። ሐኪሙ ይመጣል። ከቡና ያተረፈው ከወረዳው ገብቶ ቤት ይይዛል። የሚፈልገው ሰው ሲበዛ የሚያሳየው ሰው ጌታ ይሆናል፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። ሕጉስ እንዳትሉኝ። በ2016 የወጣውን አዋጅ 1320 አንብቤዋለሁ። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይበልጥም ይላል። ውሉ ከሁለት ዓመት አይነስም ይላል። በክልል ከተሞች ግን የት የት እንደሚሠራ የሚወስኑት ክልሎቹ ናቸው። ይሄን ሁሉ አንድ ቀን ለደላላው አስረዳሁት። በጥሞና አዳመጠኝ።

«ፋዘር፣ አዋጁ ቤት ካለው ከሱ ተከራይ» አለኝ።

ጥሩ ደላላ የለም ወይ? አለ። የሚያናድደኝም እሱ ነው። ሰው ሁሉ «የማውቀው ጥሩ ደላላ አለ» ይላል፤ ስታጣራ የእህቱ ባል ነው። አንዱ የሥራ ባልደረባዬ ግን ደህና ምክር ሰጠኝ። ደላላው ቤት ያስገባውን ሰው ዛሬ አትጠይቀው፤ ሁለት ክረምት ካደረበት በኋላ ጠይቀው አለኝ። እሱ ራሱ አራት ክረምት አድሯል። ያስገባው ሽማግሌ ደላላ ነው አለኝና ወሰደኝ። ይሄ የዛሬ ሁለት ዓመት ነው፤ ጥር ላይ።

ሽማግሌው አንዲት ጀበና ቡና የምትሸጥ ሴት አጠገብ ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ቆብ አድርገዋል። በጎማ የታሰረ ደብተር አላቸው። ስልካቸው አንድም ጊዜ አልጮኸም። ይሄ ራሱ አጠራጠረኝ። ሄደን አንድ ቤት አየን፣ ከአዌቱ ወንዝ ብዙም የማይርቅ። ቀለሙ አዲስ ነው። ወለሉ ያብለጨልጫል። ወደድኩት። ሽማግሌው በጣታቸው የግድግዳውን ጥግ ጫር ጫር አደረጉት። ቀለሙ እንደ ቅርፊት ተነስቶ ከሥሩ ጥቁር ነገር ታየ።

«ልጄ፣ ይሄ ለአንተ አይሆንም» አሉኝ። «ልጆች አሉህ። ሰኔ ሲገባ ወለሉ ውሃ ያመጣል። ትንሽ ታገሠኝ፣ ሌላ አገኝልሃለሁ።»

እሺ አባባ፣ እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ሄድኩ። መንገድ ላይ ማሰብ ጀመርኩ። ደላላ ሆኖ ቤቱን የሚያጣጥል? ኮሚሽኑን የሚጠላ? ገባኝ። ሌላ ሰው አለ! ለሱ ሊሰጡት ነው። ያ ጃኬት የለበሰው!

በማግስቱ ብቻዬን ተመልሼ ሄድኩ። አከራይዋን አነጋገርኩ። ያለ ደላላ ተስማማን። የሽማግሌውን ኮሚሽን ጭምር ማትረፌ ነው፤ ሚስቴ ፊት ደረቴን ነፋሁ። ዕቃ አስገባን። ባልደረባዬ ዳቦ ይዞ መጣና በሩ ላይ ቆሞ እንደ ደንቡ ጮክ ብሎ «ቤት ለእንቦሳ!» አለ።

«እንቦሳ እሰር!» አልኩት።

አከራይዋ ከመስኮቷ ብቅ አለች። «ከብት ማሰር አልተነጋገርንም!»

የቀረውን ገምቱት። ሰኔ ገባ። እንኳን ዘንቦብሽ እንዲያውም ጤዛ ነሽ ነው የቤቱ ነገር። ውሃው ከላይ ቢመጣ ባልዲ ይደገናል፤ ከታች ሲመጣ ምን ይደገናል? አልጋውን ብሎኬት ላይ አቆምነው። ልጆቹ ወደዱት፤ መርከብ ይሉታል። አንድ ጠዋት ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ ሰብስቤ፣ ጫማዬን በእጄ ይዤ ከግቢ ስወጣ ሽማግሌው በመንገዱ ያልፋሉ። እግሬን አዩ። ፊቴን አዩ። ቆባቸውን ነካ አድርገው አለፉ። ምናለ አንድ ቃል ቢሰድቡኝ!

ሁለተኛውም ክረምት እዚያው አለፈ፤ አልጋው ዛሬም ብሎኬት ላይ ነው። ሚስቴ «ለምን እሳቸው ጋ አትሄድም?» ትለኛለች። አፍራለሁ። ያቺን ጀበና ቡና ላለማለፍ ሁለት ዓመት ዙሪያ ጥምጥም እየሄድኩ ነው ሥራ የምገባው። እሳቸውን ሸሽቼ ነው ፋዘር በሚለኝ ልጅ እጅ የወደቅሁት።

የዛሬው ስልክ። አዎ። በንዴት «ሌላው ሰው ይውሰደው!» ብዬ ዘጋሁበት። ቡናዬን ጨረስኩ። ትንሽ ቆይቼ ጫማዬን አጠለቅሁ። ባጃጅ ለማየት ነው የወጣሁት፣ ለመሳፈር አይደለም። ግማሽ መንገድ ላይ ድጋሚ ደወለ።

«ፋዘር፣ እንኳን ደስ አለህ! ያ ሌላው ሰውዬ ትቶታል።»

ባጃጁን አስቆምኩት።

«ለምን ተወው?» አልኩት።

ዝም አለ።

«እኮ ለምን ተወው?»