እንኳን ደህና ገባህ፤ ጣራው ያፈሳል

የጎጃም ሰው ዝግ ያለ ነው የሚል ካለ፣ ከዘመዶቻችን አንዱ አሜሪካ የገባ ሰሞን ደብረ ማርቆስ መጥቶ ይየን። ልጁ ዋሽንግተን አካባቢ ካረፈ ገና ሳምንቱ ነው፤ እንቅልፉ እንኳ አልተስተካከለም። እኛ ግን በጀቱን ዘግተናል። የአጎት ቤት ቆርቆሮ፣ የእህት ልጅ ሠርግ፣ የታናሽ ወንድም ባጃጅ፣ ሁሉም ድርሻ ድርሻው ተመድቦለታል። ይህ ቅልጥፍና ቀበሌ ቢኖር ኖሮ መታወቂያ ለማውጣት ባልተንገላታን።

ጨዋነታችን ደግሞ! ‘ገንዘብ ላክ’ ብሎ ዓይኑን በጨው አጥቦ የሚጠይቅ የለም። አገሩ የቅኔ አገር ነው፤ እነ ዋሸራ ያለ ነገር ስም አላወጡም። ሰሙ ‘ናፈቅኸን፣ እንዴት ነህ’ ነው። ወርቁ ‘ዘንድሮ ዝናቡ በረታ፣ ጣራውም ያው እንደምታውቀው ነው’ ውስጥ ተቀምጧል። ልጁ የኔታ እግር ሥር አንድ ቀን ባይቀመጥም ፈትቶ ለመጨረስ ደቂቃ አይፈጅበትም።

አደዋወላችንም ይደነቃል። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ቡናው ሲፈላ ‘እስቲ ያን ልጅ እንየው’ የሚል አይጠፋም። እዚያ በበጋቸው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው። ብርዳቸው ሲመጣ ደግሞ ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ስለሚመልሱት እኩለ ሌሊት ይሆናል። ሰዓት የሚነካኩት እነሱ ናቸው እንጂ የእኛ ቡና ሰዓቱን አይስትም። ልጁ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሲሸከም አምሽቶ ገና ጋደም ማለቱ ነው። በጎርናና ድምፅ ‘ሃሎ’ ሲል ‘ምነው፣ አሞሃል እንዴ?’ እንለዋለን። ስልኩ ቡና ላይ የተቀመጠውን ሰው ሁሉ ይዞራል። ሕፃናቱም አንድ በአንድ ‘እንዴት ነህ’ ይላሉ። ሊዘጋ ሲል ነው ‘ለመሆኑ እናንተ ጋ አሁን ስንት ሰዓት ነው?’ የሚባለው። መጠየቁንስ እንጠይቃለን!

በጂኦግራፊም የሚደርስብን የለም። ለእኛ ሞጣ ያለ ዘመድ ሩቅ ነው፤ ለቅሶ ስንቀር መንገዱን እናመካኛለን። ከጎሃ ጽዮን ወደ ደጀን የዓባይን በረሃ ያቋረጠ ሰው ‘እንኳን ለቤትህ አበቃህ’ ይባላል። አሜሪካ ግን አንድ ግቢ ናት። ሲልቨር ስፕሪንግ የገባውን ልጅ ‘የአክስትህ ልጅ ሲያትል አይደል ያለው? ከሥራ ስትወጣ ብቅ እያልክ እየው እንጂ’ እንለዋለን። በመሀላቸው በመኪና ከ4000 ኪሎ ሜትር በላይ አለ። ‘አንድ አገር ተቀምጣችሁ እንዴት አትጠያየቁም!’ ብለን እንቀየማለን። እስከ ፋሲካ የሚቆይ ቅያሜ ነው።

የቤት ኪራዩ ነገር ግን ለብቻው መወራት አለበት። ልጁ ከሌሎች ሐበሾች ጋር አንድ ቤዝመንት ውስጥ ይኖር ነበር። የራሱን ክፍል ሊከራይ ሲሄድ የደመወዝ ወረቀት፣ ማስያዣ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የክሬዲት ታሪክ አምጣ አሉት። ተበድሮ በሰዓቱ ሲከፍል የኖረበትን መዝገብ ማለታቸው ነው። ትናንት የመጣን ሰው ማን አበድሮት? ይህንኑ ለአባቱ ቢነግራቸው ቱግ አሉ። ‘ምን አሉ? ከእኛ ቤት ብድር የሚያውቅ የለም! አያትህም የሰው ሳንቲም ሳይኖርባቸው ነው የሞቱ፣ በላቸው!’ ጎረቤቱ ሁሉ እውነት ነው ብሎ መሰከረ። የዕድሩ ዳኛማ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ሊጽፉለት ተነሥተው ነበር፤ ‘ይህ ልጅ ከተወለደ ጀምሮ ከማንም ተበድሮ የማያውቅ ለመሆኑ’ የሚል። ደግነቱ ሳይላክ ቀረ። ልጁን የሚያስከለክለው አንድ ነገር ቢኖር እሱው ነበር።

ፎቶውንም አንርሳ። ልጁ የአከራዩን መኪና ተደግፎ ተነሣና ለጠፈው። (እሱም ቢሆን እጁ የለበትም አይባልም።) እኛ ጋ በዚያው ምሽት ባለመኪና ሆነ። በማግስቱ ‘ለወንድሙ አንዲት ባጃጅ ታቅተዋለች?’ ተባለ። አንዳንዴ ስለ ብርዱ፣ አውቶቡስ ስላመለጠው፣ ቀኑን ሙሉ አማርኛ ሳይናገር ስለመዋሉ ሊያወራን ይሞክራል። ‘ተው እስቲ እሱን፣ ትለምደዋለህ። ዶላር ስንት ገባ?’ እንለዋለን። ለነገሩ መጠየቃችን ለወግ ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የዕለቱን ዋጋ ከእሱ ይልቅ እኛ እናውቀዋለን።

ሰሞኑን ደግሞ ከሰፈራችን ሌላ ልጅ ቪዛ መቷል፤ እሰይ! አውሮፕላኑ ባለ 23 ኪሎ ሁለት ሻንጣ ይፈቅድለታል። ተሰብስበን ደለደልነው። የቡሬ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ድርቆሽ፣ ዳላስ ላለው ለጎረቤታችን ልጅ ጋቢ። ቋንጣውን የአሜሪካ ጉምሩክ እንደሚጥለው ቢነገርም ‘ከሥር አድርገው’ ተብሏል። ዳላስ እሱ ከሚያርፍበት ስንት እንደሚርቅ የጠየቀ የለም። ሚዛን ላይ ሲወጣ ለልብሱ የተረፈችው አንዲት ጥግ ናት። የሚገባው በጥር ነው፤ በረዶ ነው አሉ። እናቱ ወፍራም ጃኬቱን ታቅፈው ብቅ ሲሉ ሁላችንም በአንድ አፍ ‘ኧረ ይተዉት እቴ፣ እዚያ ምን ጠፍቶ!’ አልናቸው። በጃኬቱ ቦታ ሁለት ኪሎ ሽሮ ገባ።