ጋፋት ላይ መድፍ የሠሩት ፈረንጆች ላኪ ማን ነበር?

ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ፣ ስለ ሴባስቶፖል ያልሰማ ኢትዮጵያዊ ያለ አይመስለኝም። ጋፋት ላይ መድፉን የሠሩትን ፈረንጆች ማን እንደላካቸው ሲጠየቅ ግን አብዛኛው ሰው ዝም ነው። የላካቸው ኢየሩሳሌም የተቀመጠ የአንግሊካን ጳጳስ ነው፤ ሳሙኤል ጎባት።

ጎባት እንግሊዛዊ አይደለም፤ በ1799 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ስዊዘርላንድ ተወለደ። በ1830 በትግራይ አድርጎ፣ በአማርኛ የታተመ ወንጌል ይዞ ጎንደር ገባ። ከተማዋ ያኔ ስለ ክርስቶስ ባሕርይ ቅባት፣ ጸጋ፣ ተዋሕዶ እየተባባለች ትናቆር ነበር። እሱ ከማንም ወገን አልቆመም። ለሚጠይቁት ሁሉ መጽሐፉን ገልጦ ያነብ ነበር። የመነኮሳቱ አለቃ እጨጌ ፊልጶስ ሳይቀሩ በወዳጅነት ተቀብለውታል። ብልጠት ነው የሚል ይኖራል። ይሁን! እንግዳ ሆኖ አፍን መያዝ ራሱ ቀላል አይደለም። በ1835 ከሚስቱ ጋር ቢመለስም በሽታ አላስቀመጠውም፤ በዓመቱ ወጣ።

በ1846 እንግሊዝና ፕሩሲያ በጋራ ባቋቋሙት የኢየሩሳሌም መንበር ላይ በፕሩሲያው ንጉሥ ምርጫ ጳጳስ ሆነ። ኦርቶዶክሶችን ያስኮበልላል ብለው የገዛ ቤተ ክርስቲያኑ ካህናት ከሺህ በላይ ፈርመው ተቃውመውታል። ተቃውሟቸው ከንቱ አልነበረም።

እኛን ግን አንድ ቦታ ላይ ጠቅሞናል። መነኮሳቶቻችን ኢየሩሳሌም ባለው በዴር ሱልጣን ገዳም ላይ ከግብፆች ጋር ሲጣሉ ከእንግሊዙ ቆንስል ከጄምስ ፊን ጋር ሆኖ ቆሞላቸዋል።

የማልምረው በእጅ ባለሙያዎቹ ጉዳይ ነው። ወደ ኢትዮጵያ ቄስ ከላከ እንደሚባረርበት ገብቶታል። ስለዚህ ባዝል አጠገብ ከሚገኘው ከቅዱስ ክሪሾና ትምህርት ቤት የወጡ፣ እየሠሩ የሚሰብኩ ወጣቶችን ላከ። ዋልድማየር፣ ዛልሙለር፣ ቤንደር... ዐፄ ቴዎድሮስ የፈለጉት ስብከት ሳይሆን መድፍ ነበር። እምቢ ማለትስ የት ይገኛል? ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ እቶን ተከለው ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝን ብረት ሲያቀልጡ ከረሙ። በኋላም በሠሩት መድፍ ታጅበው መቅደላ ወጡ፤ እስከ 1868ም እዚያው ተይዘው ቆዩ።

ጥፋቱን ሁሉ ቴዎድሮስ ላይ መደፍደፍ ለምደናል። ጎባት ግን የመሳፍንቱን ጦርነት በዓይኑ ያየ ሰው ነው። የትግራዩ ገዥ ሰባጋዲስ ሲገደሉ እዚሁ አገር ነበር። እንዲህ ያለ አገር ውስጥ ብረት የሚያቀልጥ ፈረንጅ ሲገባ ገዥው ማረሻ ሥራልኝ እንደማይለው ከማንም በላይ ማወቅ የነበረበት እሱ ነው።