ዜና ሰምቶ ለሚጨምር ሁሉ ምስጋና ይድረሰው

ድሬዳዋ ውስጥ ያለ ምስጋና የሚለፋ አንድ ወገን አለ። ዜና ሰምቶ ዋጋ የሚጨምረው ወገን ነው።

ሌላ ቦታ ዋጋ የሚጨምረው ዕቃ ሲጠፋ፣ ነዳጅ ሲወደድ ወይም ዶላር ሲያሻቅብ ነው። ይሄ ኋላ ቀርነት ነው። የኛ ሰው ምክንያቱ ደጁ ድረስ እስኪመጣ አይጠብቅም። ራዲዮኑ "የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በዛሬው ዕለት..." ብሎ ሳይጨርስ ቲማቲሙ ጨምሯል፣ ኪራዩ ጨምሯል፣ ባጃጁ ጨምሯል። ምክር ቤቱ ገና እጅ እያወጣ ነው፤ ገበያችን ቀፊራ ግን አጽድቆ ጨርሷል።

ይህን ችሎታ በደንብ ያየሁት የገቢ ግብር አዋጁ የተሻሻለ ጊዜ ነው። ሐምሌ 2017። ከዚያ በፊት የነበረው፣ በ2008 የወጣው አዋጅ፣ ከግብር ነፃ ያደረገው የወር ደመወዝ 600 ብር ብቻ ነበር። 600 ብር ዛሬ ዘንቢል ይዞ ቀፊራ ለገባ ሰው ታች ላይ የምትቀር ነገር ናት። አዲሱ አዋጅ ወደ 2,000 ብር ከፍ አደረጋት። እርከኖቹም ተገፉ። 35 በመቶ የሚባለው ትልቁ መጠን ድሮ ከ10,900 ብር በላይ ይጀምር ነበር፤ አሁን ከ14,000 ብር በላይ ሆነ።

እስቲ እንቁጠረው። በወር 5,000 ብር የሚያገኝ ሰው ድሮ 697 ብር ከ50 ሳንቲም ይቆረጥበት ነበር። አሁን 500 ብር። የተረፈው 197 ብር ከ50 ነው። 10,000 የሚያገኘው ከ2,045 ወደ 1,650 ወረደለት፤ 395 ብር ተረፈው። 14,000 እና ከዚያ በላይ የሚያገኝ ሁሉ፣ ሥራ አስኪያጅም ቢሆን፣ የተረፈው 550 ብር ነው። ከዚህ በላይ የቀናው ደመወዝተኛ የለም።

አሁን ጥበቡን ተመልከቱ። ለሠራተኛው ቢበዛ 550 ብር ተተወለት። አከራዩ በዚያው ሰሞን 1,000 ብር ጨመረ። ባለ ሱቁ የራሱን ጨመረ። ባጃጁም የራሱን። አምስት እንጀራና ሁለት ዓሣ ለአምስት ሺህ ሰው ሲዳረስ ያላየ ድሬ ይምጣ።

ደግሞ ጆሯችን መራጭ ነው። ዋጋ የሚያወርድ ዜና ሲነገር አይሰማም። "የዘይት ዋጋ ቀነሰ አሉ እኮ" ብትለው ባለ ሱቁ በሐዘን ያይሃል። "እኔ ያስገባሁት በድሮው ዋጋ ነው ወንድሜ" ይልሃል። የጨመረ ቀን ግን በድሮው ዋጋ ያስገባውን በአዲሱ ሲሸጥልህ ሐዘኑ የለም። ዕቃው አንድ ነው፣ መደርደሪያው አንድ ነው። ይህን ያህል የጆሮ ሥልጠና በትምህርት ቤት አይገኝም።

ሠራተኛው ግን ይቅር። እሱ ቢያንስ 197 ብሩን በዓይኑ አይቷታል። እኔን ከመቀመጫዬ ያስነሳኝ ይህ ጥበብ ጡረተኛውን አለመርሳቱ ነው።

ጡረተኛ ከአበሉ ላይ የገቢ ግብር አይቆረጥበትም። ድሮም አይቆረጥበትም ነበር። እንግዲህ አዋጁ ሲሻሻል ለሱ የሚቀነስለት ነገር የለም። ከዜሮ ላይ ምን ይነሳል? አበሉ የሚሰላው ሥራ ላይ ሳለ በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት ያገኝ በነበረው ደመወዝ አማካይ ነው። 10 ዓመት ያገለገለ 30 በመቶውን ያገኛል። ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የመንግሥት ሠራተኛ 1.25 በመቶ ይታሰብለታል። 30 ዓመት የለፋ ሰው 55 በመቶ ላይ ደረሰ ማለት ነው። ያውም ከዛሬው ደመወዝ ሳይሆን እሱ ከወጣበት ዘመን ደመወዝ። አልፎ አልፎ ማስተካከያ ይደረጋል፤ የቀፊራን ሽንኩርት የሚደርስበት ማስተካከያ ግን ገና አልተወለደም።

ይህን ነገር የሚያውቀው ጡረተኛው ብቻ ነው። የቀረው ከተማ የሚያውቀው "ግብር ቀነሰ" የሚለውን ነው።

የሰፈራችን ጋሼ የምድር ባቡር ጡረተኛ ናቸው። ጉልበታቸውን የጨረሱት ወርክሾፕ ውስጥ ነው። ፈረንሳይኛቸው የሚወጣቸው ሲናደዱ ብቻ ነው። አዋጁ በወጣ ሰሞን፣ ጠዋት ሙቀቱ ሳይበረታ፣ ዘንቢላቸውን ይዘው ቀፊራ ወረዱ። እኔም አብሬ ነበርኩ።

ድሬ በአንቱታ ብዙ አትጨነቅም። ትልቁንም ትንሹንም "አንተ" ትላለች፤ ማንም አይቀየምም። ቲማቲም ሻጯ ጋሼን ስታይ ፊቷ በራ።

"አባቴ! እንኳን ደስ አለህ!"

"በምን?"

"አቦ፣ ግብር ቀነሱልህ አይደል እንዴ?"

"እኔ ጡረተኛ ነኝ። ግብር የለብኝም።"

"ጭራሽ የለብህም?"

"ጭራሽ።"

ትንሽ አሰበች። ሚዛኑ ላይ የነበረውን ቲማቲም አንስታ ቁልሉ ላይ መለሰችው።

"እንግዲያማ አንተ ከሁሉም ትሻላለህ!" አለችና በኪሎ አሥር ብር ጨምራ እንደ አዲስ መዘነችላቸው።

ፍትሑን ልብ በሉ። ግብር የሚከፍለው ስለተቀነሰለት ይጨመርበታል። የማይከፍለው ስለማይከፍል ይጨመርበታል። ቲማቲሙ ከሐረማያ በኩል የመጣ ነው። ገበሬው ደመወዝ የለውም። ሻጯም የላትም። ጋሼም የላቸውም። ሦስት ደመወዝ የሌላቸው ሰዎች በደመወዝ ግብር የተነሳ ሒሳብ ተያያዙ።

ጋሼ ፈረንሳይኛ ተናገሩ።

በነገራችን ላይ ጡረተኛ ግብር አይከፍልም የሚባለው ባንክ ቤት ውስጥ እያለ ነው። ወጥቶ ሳሙና ሲገዛ፣ የስልክ ካርድ ሲሞላ፣ 15 በመቶውን የተጨማሪ እሴት ታክስ እንደማንኛችንም ይከፍላል። ለሱ "እንኳን ደስ አለህ" የሚለው ሰው ገና አልመጣም።

ለሌላው ግን ደስ የሚላቸው ሞልቷል። ፀጉር አስተካካዩ ደስ አለው፤ ጨመረ። የጋሼ እህት ልጅ ከአዲስ አበባ ደውሎ ደስ አለው፤ ብድር ጠየቀ። ከምሳ በኋላ በርጫ ላይ የሚሰየሙት የኢኮኖሚ ሊቃውንትም ደስ ብሏቸው ሲያብራሩ ዋሉ። "ሰዉ እጅ ላይ ብር ሲበዛ ዋጋ ይወጣል፤ የታወቀ ሳይንስ ነው" አሉ። የማን እጅ ላይ እንደበዛ ጋሼ ጠየቁ። ሊቃውንቱ ጥያቄው ጊዜውን ያልጠበቀ መሆኑን ገልጸው ወደ ምርቃናቸው ተመለሱ።

ይባስ ብሎ የመንግሥት ሠራተኛ የደመወዝ ጭማሪ መጣ። ዝቅተኛው ከ4,760 ወደ 6,000 ብር ከፍ አለ። ዜናው የተሰማው ነሐሴ ላይ ነው፤ ጭማሪው ደግሞ ከመስከረም 2018 ጀምሮ የሚታሰብ። የኛ ከተማ ዋጋ ግን ነሐሴ ላይ ወጣ። ሠራተኛው ገና ያልተቀበለውን ጭማሪ ከፍሎ ጨረሰ። ጡረተኛው ደግሞ ጨርሶ የማይመለከተውን ጭማሪ አብሮ ከፈለ። ይህን የመሰለ መተባበር ለዕድር እንኳ አይታይም።

አከራዮቻችንን ለብቻ ማመስገን አለብኝ። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ አከራይ እንዳሻው እንዳይጨምር፣ ውሉም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይላል። አከራዮቻችን ሕግ አክባሪ ናቸው። ኪራይ አልጨመሩም። የውሃ ጨመሩ። የቆሻሻ ጨመሩ። የዘበኛ ጨመሩ። ሳቢያን አካባቢ ዘበኛ የሌለው ግቢ ውስጥ የዘበኛ የሚያስከፍል አንድ አከራይ አለ። ተከራዮቹ ዘበኛው የታለ ብለው ሲጠይቁት "እኔ ራሴ እንቅልፍ የለኝም" አላቸው።

ስለ ባጃጅ ብዙ አልልም። "ነዳጅ ጨመረ እንዴ?" ስለው ልጁ "አይ፣ ደመወዝ ነው የጨመረው" አለኝ። "የማን?" አልኩት። "የሰዉ" ብሎ መሪውን አዞረ።

እስካሁን ለጋሼ አንጀታችሁ የተላወሰ ካላችሁ ቆዩ። ጋሼ ግቢያቸው ውስጥ አንዲት ሰርቪስ ክፍል አለቻቸው። ተከራዩ የግል ትምህርት ቤት አስተማሪ ነው፤ ደመወዙ 10,000 ብር። ጋሼም ራዲዮ አላቸው። አንድ ማታ ጠርተው ሻይ አስቀረቡለት።

"እንኳን ደስ ያለህ። ግብር ተቀንሶልሃል።"

"አዎ ጋሼ፣ 395 ብር።"

"እኔ 500 ጨምሬብሃለሁ።"

"ጋሼ፣ 105ቱ ከየት ይምጣ?"

"ወጣት ነህ።"

ምክንያት የላቸውም አይባልም። የኪራይ ገቢ እንደ ጡረታ አበል ከግብር የተጠበቀ አይደለም። በ2017 ደግሞ የንብረት ታክስ አዋጅ ጸድቋል። ስለሱ ለጋሼ የደረሳቸው ደብዳቤ የለም። ዜናው ግን ደርሷቸዋል።

አስተማሪው ክፉ ቃል አልተነፈሰም። የጋሼን የልጅ ልጅ ማታ ማታ ሒሳብ የሚያስጠናው እሱ ነው። ወሩ ሲያልቅ የማስጠኛውን ዋጋ በ500 ብር ከፍ አደረገው። ጋሼ "ምን ተገኘና?" አሉት። "ኪራይ ጨምሮብኝ ነው" አለ። ጋሼ ለአንድ ሳምንት ሙሉ፣ በአማርኛም በፈረንሳይኛም፣ ሰዉ ስግብግብ እንደሆነ ለሰፈሩ ሲያወሩ ከረሙ።

አሁን በየወሩ መጨረሻ አስተማሪው 500 ብር ለጋሼ ይልካል። ጋሼም 500 ብር ለአስተማሪው ይልካሉ። ሁለቱም እንዳሸነፉ ነው የሚያወሩት። የሚላላኩት በቴሌብር ስለሆነ የማስተላለፊያ ክፍያውን ማን ይሸፍን በሚለው ላይ ግን እስካሁን አልተስማሙም።