የማግዳሌና በረትና የቦረና አይሱዙ

ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ከሶኮሮ ወደ ምዕራብ በሚወስደው ሀይዌይ 60 ላይ ማግዳሌና የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ቤንዚን ቀድቶ የሚያልፍ ሰው አሮጌዎቹን የእንጨት በረቶች ልብ አይላቸውም። ሐዲዱ በ1885 (በፈረንጅ) የተዘረጋው ለማዕድን ነበር፤ ግን ከብት ማጓጓዣም ሆነ። በ1919 ብቻ ከ21 ሺህ በላይ ከብትና 150 ሺህ ያህል በግ ወደዚያ ተነድቷል።

ከብቱ በእግር የተነዳበት መንገድ ከአሪዞናው ስፕሪንገርቪል እስከ ማግዳሌና 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከብት በቀን 16 ኪሎ ሜትር ይጓዛል፣ በግ የዚያን ግማሽ። ስለዚህ በ1930ዎቹ መንግሥት የውኃ ጉድጓድ ሲያስቆፍር በየ16 ኪሎ ሜትሩ አደረገው። የተቻኮለ ነጂ ሥጋውን መንገድ ላይ ጥሎ ይገባል፤ ክፍያው ደግሞ በሚዛን ነው። ፉርጎ ውስጥ ከገባም በኋላ ቢሆን የ1906ቱ የአሜሪካ ሕግ ከ28 ሰዓት በላይ ሳይወርድ እንዳይጓዝ ይከለክላል፤ ወርዶ በልቶና ጠጥቶ ቢያንስ 5 ሰዓት ማረፍ አለበት። ባለቤቱ በጽሑፍ ከጠየቀ እስከ 36 ሰዓት ይፈቀዳል።

የቦረና እረኛ በእግር ሲነዳ ይህን ስሌት ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ ጉዞውን የሚቆርጠው ከውኃ ወደ ውኃ ነው። ስሌቱ የሚጠፋው ወይፈኑ ወደ አዳማ ማደለቢያ ሊሄድ አይሱዙ ላይ ሲወጣ ነው። መጫኛው ብዙ ጊዜ የአፈር ቁልል ነው፤ ከመኪናው ወለል ጋር ስለማይገጥም እግር ክፍተቱ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ገመድ መጎተት፣ ጅራት መጠምዘዝ። ጥሩ መወጣጫ ከ20 ዲግሪ በላይ አይቆምም፣ ደረጃው 10 ሳንቲ ሜትር ከፍታና 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት አለው፣ ጎንና ጎኑም ድፍን ነው፤ ከብት በክፍተት የሚገባ ብርሃንና ጥላ ሲያይ ይደነግጣልና። ጭነቱ ከሳሳ ኩርባ ላይ ይወድቃሉ፤ ከተጨናነቀ የወደቀው መነሳት አቅቶት ይረገጣል። ወለሉ ላይ አሸዋ ወይም ጭድ ካልተነጠፈ ሽንት ያንሸራትታል። ረዳቱ ከላይ ሆኖ በዱላ ቢወጋም የተኛውን አያስነሳውም።

የማደለቢያው የመጀመሪያ ቀናት መኖ የሚያልቀው መንገድ የወሰደውን ለመመለስ ነው። ይህን ኪሳራ ማንም አይቆጥረውም፤ ደላላው የሚገምተው በዓይን፣ ሹፌሩ የሚከፈለው በጭነት ነው። ሲጫንና ሲወርድ ቢመዘን፣ ልዩነቱም ከኪራዩ ላይ ቢታሰብ፣ ሹፌሩ ራሱ ውኃ ያለበትን ቦታ ጠይቆ ይቆም ነበር።