ፈረሱን ወደ ቤቱ የመለሰው ሰው

ቼዝ ላይ ስፓኒሽ ኦፕኒንግ የሚባለውን አጀማመር፣ ሩይ ሎፔዝ የሚሉትን ማለቴ ነው፣ የሚጫወት ሰው አንድ ቀን ይቺ ነገር ትገጥመዋለች። ዘጠነኛው ሙቭ ላይ ጥቁሩ ሲ6 ላይ (ፊደሉ ዓምዱን፣ ቁጥሩ ረድፉን ነው የሚያሳየው) የቆመውን ፈረስ ያነሳና ቢ8 ላይ ያስቀምጠዋል፣ ማለትም ጨዋታው ሲጀመር ወደነበረበት ቦታ ይመልሰዋል። እኔ ስልኬ ላይ ስጫወት መጀመሪያ የገጠመኝ ቀን ሰውዬው ዝም ብሎ ጊዜ አባከነ ብዬ ነበር ያሰብኩት፣ ግን ጨዋታው በቆየ ቁጥር መላወሻ ያጣሁት እኔ ሆንኩ። ስሙ ብሬየር ቫሪየሽን ነው አሉኝ፣ ቫሪየሽን ማለት ከአንድ ኦፕኒንግ የሚቀጥል የታወቀ መስመር ነው። ብሬየር ማነው ብዬ የጠየቅኳቸው የቼዝ ልጆች ግን ከስሙ ሌላ ምንም አያውቁም፣ ይሄ ነው ያሳዘነኝ፣ ይሄን የምጽፈውም ለዚህ ነው።

ጁላ ብሬየር በፈረንጆቹ 1893 ቡዳፔስት ተወለደ፣ በ1921 ኖቬምበር ወር ብራቲስላቫ ውስጥ በልብ ህመም ሞተ። 28 ዓመቱ ነበር። በ19 ዓመቱ፣ በ1912፣ ተሜሽቫር ላይ የሃንጋሪ ሻምፒዮን ሆኗል። በ1914 ማንሃይም ውድድር ላይ እያለ አንደኛው የዓለም ጦርነት ፈነዳና ውድድሩ መሃል ላይ ተቋረጠ፣ ከዛ በኋላ ያሉት አራት ዓመታት አንድ ቼዝ ተጫዋች በጣም የሚያድግባቸው ዓመታት ነበሩ፣ ጦርነቱ በላቸው። ጦርነቱ ሲያልቅ ደግሞ አገሩ ራሷ ተቆራርሳለች፣ ሻምፒዮን የሆነባት ተሜሽቫር ለሩማንያ ደርሳ፣ የሞተባት ብራቲስላቫ የቼኮዝሎቫኪያ ሆና። በዚህ ሁሉ መሃል በ1920 መጨረሻ በርሊን ላይ ትልቅ ውድድር ተደረገ፣ የዘመኑ ትልልቅ ተጫዋቾች ቦጎልዩቦቭ፣ ታርታኮወር፣ ሬቲ፣ ማሮትሲ፣ ታራሽ ሁሉም ነበሩ፣ አንደኛ የወጣው ብሬየር ነው።

የታራሽ ስም እዚህ ዝርዝር ውስጥ መኖሩ ቀላል ነገር አይደለም። ታራሽ የዚያ ዘመን ትልቁ መምህር ነው፣ መሃሉን በወታደሮችህ ያዝ፣ ፈረስና ቢሾፕህን ቶሎ አውጣ፣ አንዱን ሁለቴ አታንቀሳቅስ እያለ ያስተማረ ሰው። ብሬየርና ጓደኞቹ ይሄ እንደ ህግ መወሰዱን ነው የተቃወሙት፣ መሃሉን ሳትይዘው ከሩቅ ልትቆጣጠረው ትችላለህ አሉ። ሃይፐርሞደርን የተባለው ትምህርት ይሄ ነው።

አሁን ወደ ፈረሱ ልመለስ፣ ምክንያቱም ሀሳቡ ሁሉ እዚያ ሙቭ ውስጥ አለ። ፈረሱ ሲ6 ላይ ሲሆን ሁለት ነገር ይዘጋል፣ አንደኛ ከኋላው ያለው ወታደር ወደ ሲ5 መግፋት አይችልም፣ ሁለተኛ ቢ7 ላይ የሚቀመጠው ቢሾፕ የሚያይበት መስመር ይደፈናል። ቢ8 ገብቶ በዲ7 በኩል ሲወጣ ግን ወታደሩም ነፃ ነው፣ ቢሾፑም ያያል፣ መሃል ያለው ኢ5 ደግሞ እንደተጠበቀ ነው። አዎ፣ በአንድ ሙቭ የሚደረስበት ዲ7 በሦስት ተደረሰ፣ ሁለት ሙቭ ጠፋ፣ ታራሽ ቢያየው ራሱን ይነቀንቅ ነበር። ግን ነጩም ሲ3 እና ኤች3 እያለ ቀስ ብሎ ነው የመጣው፣ መሃሉም ገና አልተከፈተም፣ ስለዚህ ያንን ሁለት ሙቭ ተጠቅሞ የሚቀጣበት መንገድ የለውም። አውራ በግ ወደ ኋላ እያለ ሲሄድ አይታችሁ ከሆነ ፈርቶ እንዳልሆነ ታውቃላችሁ።

ይሄ ሰው አንዴ የመጣለት ብልሃት አይደለም ደግሞ፣ አስተሳሰቡ ነው። በ1917 ቡዳፔስት ላይ ኤሰር ከሚባል ተጫዋች ጋር የተጫወተውን እዩት። ብሬየር በነጭ አንድ ፈረስ ሠውቶ ወደ ጥቁሩ ንጉሥ እየገሰገሰ ነው፣ ማንኛችንም ብንሆን ንግሥቷን ይዘን በምንሮጥበት ሰዓት እሱ 14ኛው ሙቭ ላይ የራሱን ንጉሥ ከኢ1 ወደ ኤፍ1 አንድ ቤት ብቻ ያንቀሳቅሰዋል። ቼክ የለበትም፣ የሚያስፈራው ነገር በዓይን አይታይም። ከዛ በኋላ ሩኩንም ሠዋ፣ ቢሾፑንም ሠዋ፣ ጥቃቱ ቀጠለ፣ እና 25ኛው ሙቭ ላይ ሲደረስ ነው ነገሩ የሚገባችሁ፣ ንጉሡ ኢ1 ላይ ቀርቶ ቢሆን ጥቁሩ ኤች4 ላይ በቢሾፕ ቼክ ብሎ ንግሥቶቹን አቀያይሮ ያመልጥ ነበር። ንጉሡ ኤፍ1 ስለሆነ ግን ያ ቼክ የለም። 11 ሙቭ ቀድሞ፣ ኮምፒውተር በሌለበት ዘመን! እኔ ይሄንን ጨዋታ ባየሁት ቁጥር እዛ ሙቭ ላይ ስደርስ ቆም እላለሁ።

ታዲያ ለምንድነው ሃይፐርሞደርን ሲባል ተጫዋቾቹ ኒምዞቪችና ሬቲ ብቻ የሚጠሩት? የኔ መልስ አጭር ነው፣ እነሱ መጽሐፍ ጻፉ። የሬቲ የአዲስ ሀሳቦች መጽሐፍ በ1922 ወጣ፣ የኒምዞቪች ደግሞ በ1925፣ ብሬየር ግን በ1921 ሞቷል። ሬቲን አልወቅሰውም፣ እንዲያውም ስለ ጓደኛው በክብር ጽፏል፣ ብሬየር በአንድ ወቅት «ውስብስብ አቋም» የሚል ጽሑፍ አውጥቶ ሥሩ ያስቀመጠው ሥዕል ገና ማንም ያልነካው የመጀመሪያው ሰልፍ እንደነበር የምናውቀውም በሬቲ በኩል ነው። ብሬየር ራሱ ሲጽፍ በሃንጋሪኛ ነበር የሚጽፈው፣ ሃንጋሪኛ ደግሞ ከአገሩ ውጭ የሚያነበው ሰው ስንት ነው? በአማርኛ የምንጽፍ ሰዎች ይሄ ነገር ሳይነገረን ይገባናል።

በዚህ ላይ ደግሞ እሱ አለ ተብሎ የሚዞረው አንድ አባባል አለ፣ ነጩ ኢ4 ብሎ፣ ማለትም ከንጉሡ ፊት ያለውን ወታደር ሁለት ቤት ገፍቶ፣ ከጀመረ ጨዋታው በጣር ላይ ነው የሚል። ሰው ብሬየርን በዚህ ብቻ ያውቀውና ግትር ሰው ያደርገዋል። ኧረ በፍጹም፣ ኪንግስ ጋምቢት በሚባለው፣ ነጩ ገና ከመጀመሪያው አንድ ወታደር በሚሠዋበት ኦፕኒንግ ውስጥ ንግሥቷን ሦስተኛው ሙቭ ላይ ኤፍ3 የሚያወጣው መስመር ብሬየር ጋምቢት ነው የሚባለው፣ ኪንግስ ጋምቢት ደግሞ የሚጀምረው በኢ4 ነው። ፈረሱ የሚመለስበት ቫሪየሽንም እንደዚሁ ከኢ4 በኋላ ነው የሚመጣው። የሚገርመው እሱ ራሱ ያንን ቫሪየሽን ሲጫወት የሚያሳይ ጨዋታ አልተገኘም ይላሉ ታሪኩን ያጠኑ ሰዎች፣ ሀሳቡ ስሙን ይዞ በሰው አፍ ነው የመጣው። ከሞተ ከ40 ዓመት በኋላ በ1960ዎቹ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ስፓስኪ ዋና መሣሪያው አደረገው፣ በ1972 ሬይካቪክ ላይ ለዓለም ሻምፒዮንነት ከፊሸር ጋር ሲጋጠም አሥረኛው ጨዋታ ላይ ተጫወተው፣ በ1992 ሁለቱ እንደገና ሲገናኙ የመጀመሪያው ጨዋታ በዚሁ ቫሪየሽን ነበር፣ ሁለቱንም ፊሸር አሸነፈ ግን ቫሪየሽኑ አልሞተም፣ የኛ ዘመን የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ካርልሰንም ተጫውቶታል።

ስለዚህ ልጆች የምታስተምሩ ሰዎች እለምናችኋለሁ፣ ሃይፐርሞደርን ስታስተምሩ ብሬየርን ከኒምዞቪችና ከሬቲ እኩል አስቀምጡት፣ የኤሰርን ጨዋታ አውጡና 14ኛው ሙቭ ላይ አቁማችሁ ጠይቋቸው፣ እስቲ ይሄ ንጉሥ የት እየሄደ ነው በሏቸው፣ መልሱን ቶሎ አትንገሯቸው። በሞተበት ዓመት፣ በ1921፣ ካሻ ከተማ ላይ ቦርድ ሳያይ ከ25 ሰው ጋር በአንዴ ተጫውቶ የዓለም ሪከርድ እንደያዘም ንገሯቸው፣ 25 ቦርድ በሙሉ ጭንቅላቱ ውስጥ ይዞ። ያ ሁሉ ሲሆን ልቡ ታማ ነበር።