እናቱን ዝም ያሰኘናቸው እኛ ነን

ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል የመጣችሁ ቤተ እስራኤል ወገኖቼ፣ ይህን የምጽፈው ለመንግሥትም ለፖሊስም አይደለም። በእነርሱ ላይ ለመጮኽ ሰንፈን አናውቅም። የለገስነው ደም ሲጣል እንደኖረ በ1996 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በሰማን ጊዜ ኢየሩሳሌም ድረስ ወጥተን ቁጣችንን አሰምተናል፤ በ2015 የወታደር ልብስ የለበሰ ልጃችን በፖሊስ ሲደበደብ በቪዲዮ አይተን፣ በ2019 ደግሞ ሌላው ልጃችን በፖሊስ ጥይት ወድቆ መንገድ ዘግተናል። ዛሬ የምወቅሰው ግን እኛን ነው፤ በአማርኛ ተወልደን በዕብራይስጥ ያደግነውን፣ ከሁሉም አስቀድሞ እኔን።

ነገሩ የሆነው ሜይ 12 ቀን 2024፣ እስራኤል የወደቁ ወታደሮቿን በምታስብበት በመታሰቢያው ቀን ዋዜማ፣ በከተማችን አደባባይ ነው። ልጁ በ2023 መጨረሻ ጋዛ ውስጥ በውጊያ ሲወድቅ ገና 21 ዓመቱ ነበር። ጎንደር ተወልዶ፣ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ እስራኤል የገባ ልጅ ነው። እናቱ ኡልፓን፣ የዕብራይስጥ ማስተማሪያው፣ ቢገቡም ጽዳት ሥራና ልጅ ማሳደግ ፋታ አልሰጣቸውምና ዕብራይስጡ ከሰላምታ አላለፈላቸውም። በዚያ ምሽት የሀገር ልብሳቸውን ለብሰው፣ ነጠላቸውን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቀው፣ ለሟች ቤተሰቦች በተዘጋጀው ፊተኛ ወንበር ላይ ተቀመጡ። እኔ በቀኛቸው ነበርኩ፤ ያስቀመጡኝም ቋንቋ ያውቃል ተብዬ ነው።

ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን ሳይረኑ ለአንድ ደቂቃ ጮኸ፤ ሕዝቡም ቆመ። ከዚያ የልጁ አዛዥ፣ እርሱም ራሱ ገና ወጣት፣ ወረቀቱን ይዞ ወጣና ስለ ልጁ ማውራት ጀመረ። እናቲቱ ወደ እኔ ዘንበል ብለው «ምን እያለ ነው ልጄ?» አሉኝ። «በኋላ እነግርዎታለሁ» አልኳቸው። መድረኩ ላይ እየተነገረ ሳለ ማንሾካሾክ ነውር መስሎኝ ነበር። አዛዡ የሚለው ደግሞ ይህ ነው፤ ልጁ ከእረፍት ሲመለስ የእናቱን ዳቦ በቦርሳው ይዞ ይመጣ ነበር፣ ሌሊት ዘብ የሚወጡት ሳይቀምሱ እርሱ አይነካም ነበር፣ አንዴ የመጨረሻዋን ቁራሽ ለሦስት ሰው ሲያካፍል ተጣልተውበት ነበር። ሕዝቡ በእንባ መካከል ሳቀ። በእኚህ ሴት ዳቦ ተሳቀ፣ በእኚህ ሴት ዳቦ ተለቀሰ፤ እርሳቸው ግን ከዚያ ሁሉ ንግግር «ዳቦ» የምትለዋን ቃል ብቻ ለይተው ሰምተው የሰውን ፊት ይቃኙ ነበር።

ቀጥሎ የልጁ ፎቶግራፍ በስክሪኑ ላይ ወጣ፤ ስሙም ተጠራ። የተጠራው ትምህርት ቤት ሲገባ የተሰጠው የዕብራይስጥ ስም ነው፤ እናቱ ጎንደር ላይ ያወጡለት አይደለም። ያን ጊዜ ብድግ አሉና ራሳቸው ባወጡለት ስም ጠሩት። ደረታቸውን መታ አድርገው፣ በዚያ ጸጥታ ውስጥ፣ እንዲህ አሉ፤

ጎንደር ላይ ያዘልሁህ በነጠላዬ፣
በባንዲራ መጣህ ወይኔ ገላዬ።

ሁለተኛውን ስንኝ ሳይደግሙት ከኋላ «ሽሽ» የሚል ድምፅ መጣ። ዘወር ብዬ ሳይ የእኛው ሰዎች ናቸው። አንዷ «ኧረ ሰው ያያል» አለች። አዛዡ ንባቡን አቁሞ፣ አንገቱን ደፍቶ እየጠበቃቸው ነበር፤ ከሌሎቹ ሐዘንተኞችም ቃል የተነፈሰ አልነበረም። እኔ ግን እጃቸውን ይዤ፣ «ይረጋጉ» ብዬ፣ ወደ ወንበራቸው መለስኳቸው። ተቀመጡ። ሥነ ሥርዓቱ እስኪያልቅ አንዲት ቃል አልወጣቸውም፤ ያን «በኋላ» ያልኩትንም አልጠየቁኝም።

ይህን ይቅር ማለት አልቻልኩም፤ ለእናንተም፣ ለራሴም።

ከማን ተማርነው? በአባቶቻችን ሀገር ጀግና ሲሞት ልብሱና መሣሪያው ወጥቶ በዚያ ላይ ይለቀስ ነበር፤ ሙሾ የምታወርድ ሴትም ዝም በይ አትባልም፣ ቃሏ ይሰማል፣ ይያዛል፣ ከዓመታት በኋላ ሟቹ የሚታወሰው በእርሷ ስንኝ ነው። በሱዳን በኩል ስንመጣ በመንገድና በስደተኛ ጣቢያ ያለቁት ወደ 4,000 የሚጠጉ ወገኖቻችን፣ በኢየሩሳሌም በሄርዝል ተራራ ሐውልት የቆመላቸው፣ ብዙዎቹ ወጉ ሳይደርሳቸው ተቀብረዋል። ያን ጊዜ ማንነታችን እንዳይታወቅ ድምፅን ማፈን ነፍስ ማትረፊያ ነበር። አሁን ልጇን ለሀገሩ የሰጠች እናት በዚሁ ሀገር አደባባይ ስታለቅስ የምንፈራው ማንን ነው?

ፍርሃቱ የት እንደጀመረኝ አውቀዋለሁ። በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን፣ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ባመጡን ጊዜ፣ ስመጣ ልጅ ነበርኩ። አንድ ቀን የወላጆች ስብሰባ ሲጠራ እናቴን «ነጠላውን ለብሰሽ ከምትመጪ ብትቀሪ ይሻላል» አልኳት። ቀረች። ዛሬ ድረስ አላነሳችውም፤ እኔም ይቅርታ አልጠየቅኋት። ያ ልጅ ነው ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ የሰው እናት እጅ ይዞ ያስቀመጠው።

እናንተ ደግሞ የቀብሩ ዕለት የመቃብሩን ስፍራ ሞልታችሁት ነበር፤ እውነት ነው። በሰባቱም የሐዘን ቀን እንጀራ አልጎደለም። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ልጃቸው በሠራዊቱ ቤት ምን እንደነበር፣ ጓደኞቹ ምን እንደጻፉለት፣ በመቃብሩ ድንጋይ ላይ የተቀረጸው ምን እንደሚል ቁጭ ብሎ በአማርኛ ያነበበላቸው ሰው ነበር? አንድም አልነበረም። ልጆቻችን ቤት ውስጥ አማርኛ ሲጠፋባቸው እየሳቅን እናልፈዋለን፤ ሲሞቱ ግን እናቶቻቸው ከገዛ ሐዘናቸው ደጅ ይቀራሉ።

የምለምናችሁ ትልቅ ነገር አይደለም። በሚመጣው ኢያር፣ የመታሰቢያው ቀን በሚውልበት የዕብራይስጥ ወር፣ አጠገባችሁ እንዲህ ያለች እናት ከተቀመጠች ወደ ጆሮዋ ጠጋ በሉ። ብድግ ካለችም አብራችሁ ብድግ በሉ። ይሆናል ብዬ በጣም አልተማመንም፤ እኛን አውቃለሁና። ቢሆንም የአዛዡን ንግግር ከራሱ አግኝቼ ወደ አማርኛ ገልብጬዋለሁ፤ የዳቦውን ታሪክ ሳነብላቸው እናቲቱ ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ፣ ለሦስት የተካፈለችውን ቁራሽ ሲሰሙም «አዬ፣ ለእኔም እንዲሁ ያደርግ ነበር» አሉ። ባለፈው ሳምንት ደውዬ ዘንድሮም በዋዜማው ይመጡ እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«ካልከለከላችሁኝ እመጣለሁ» አሉኝ።